«ውሃ ይጨርሳል» የተባለ መኪና ስንት ያስቀንሳል?
ገዢና ደላላ ውል ከመፈረማቸው በፊት ሊያዩት የሚገባ

አሮጌ መኪና ለገበያ ሲቀርብ ከቀለሙና ከቦሎው ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «ሞተሩ ይሞቃል ወይ?» የሚል ነው። የሻጩ መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኧረ በጭራሽ ወንድሜ! ከፈለግህ ናዝሬት ደርሰህበት ና።» ደላላውም ከጎን ሆኖ «ለዚህስ እኔ አለሁ» ይላል። ገዢው ብሩን ቆጥሮ፣ ውል ፈርሞ፣ ሊብሬውን በስሙ አዙሮ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መኪናው አስፋልት ዳር ቆሞ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ እንፋሎት ሲተፋ ይገኛል። ያኔ ሻጩ ስልክ አያነሣም፤ ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራ ዞሯል።

ነገሩ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን የሚከብድ ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች በኋላ ቀድሞ «ጊዜው አልፎበታል» ይባል የነበረው ቶዮታ ዲኤክስ፣ ኮሮላና ቪትዝ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ለአነስተኛ ነጋዴም ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ንብረት ሆኗል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትን ንብረት ደግሞ በዓይን ግምት ብቻ መግዛት አያዋጣም።

የዋጋ ድርድሩን የሚያበላሸው «ይሞቃል» የምትለው አንዲት ቃል ብዙ ዓይነት ብልሽት መሸከሟ ነው። ከእነዚህ ብልሽቶች አንዱ የራዲያተር ክዳን በመለወጥ ብቻ ይድናል። ሌላው ሞተሩን አስፈትቶ ቶርኖ ቤት ያስኬዳል። ሁለቱንም «ይሞቃል» ብሎ በአንድ ዋጋ የሚደራደር ገዢ ወይ ደኅናውን መኪና ያመልጠዋል፣ ወይ የተቃጠለውን ይሸከማል። ሻጩም ቢሆን ጥቃቅን ጉድለት ያለባትን ደኅና መኪና ምክንያቱን ባለማወቁ ብቻ በግማሽ ዋጋ ሊጥላት ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል

ምርመራውን ለመረዳት በቅድሚያ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በዚህ ምክንያት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ 90 ዲግሪም አይሞላም።

የአብዛኞቹ ቶዮታዎች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ በ85 እና በ95 ዲግሪ መካከል ቢገኝ ጤነኛ ነው። እንግዲህ ጤነኛው የሞተር ሙቀትና የአዲስ አበባ ውሃ መፍያ ነጥብ አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። ታዲያ መኪኖቹ ሁሉ ለምን አይፈሉም? መልሱ በራዲያተሩ ክዳን ላይ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ይህ ክዳኑ አምቆ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ግፊት ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ነጥብም ከፍ ይላል። ባለ 0.9 ደኅና ክዳን አዲስ አበባ ላይ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል።

ስለዚህ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ሌላው የሞተሩ ክፍል ሁሉ ደኅና ቢሆንም መኪናው ውሃ መትፋት ይጀምራል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ላይ ብዙ የማይታወቅ የክዳን ድካም ደጋ ላይ ቶሎ ይጋለጣል። ባለቤቱ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ለመሸጥ የሚቸኩልበት ብልሽት አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው።

ሻጩ ሳያሞቀው መድረስ

ምርመራ የሚጀመረው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ገዢው ሲደርስ መኪናው ተነሥቶ፣ ሞተሩ ላቫጆ ታጥቦ፣ ኮፈኑም ሞቆ ከጠበቀው ከምርመራው ግማሹ አመለጠው ማለት ነው። የፈሰሰ ውሃ የሚተወው ነጭና ዝገታማ ምልክት ታጥቦ ይጠፋል፤ ጠዋት ሲነሣ የሚታየው ጭስም አይታይም። ስለዚህ ቀጠሮ በማለዳ ይያዝ፤ «እንዳታስነሣው» ተብሎም አስቀድሞ ይነገር። ኮፈኑ ላይ እጅ ማሳረፍ ቃሉ መጠበቁን ይነግራል። ሞቆ ከተገኘ ለሌላ ቀን መቅጠር እንጂ «ምን ያደርጋል» ብሎ ማለፍ አይገባም።

በቀዝቃዛ ሞተር የራዲያተሩ ክዳን ይከፈታል። በሞቀ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ያስጠብሳል፤ ይህ ለማንም ቢሆን የተከለከለ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሚታዩት አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ መጠኑ፤ ውሃው እስከ አንገቱ መሙላት አለበት። ሁለተኛ ቀለሙ፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ ከሆነ ኩላንት ሲጠቀም የኖረ መኪና ነው፤ እንደ ቀይ አፈር ጎርፍ የደፈረሰ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ውስጡ ዝጓል፤ ራዲያተሩም በከፊል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ቅባቱ፤ በውሃው ላይ የዘይት ዓይን ከተንሳፈፈ አደጋ ነው። አራተኛ የክዳኑ የራሱ ጎማና ሞላ። ውሃው ፍጹም ንጹሕና ቀለም የሌለው ከሆነም ትናንት የተቀየረ ነውና ለምን እንደተቀየረ ይጠየቅ።

ቀጥሎ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይወጣል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በክረምት ጠዋት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ጥቂት ነጭ አረፋ ቢያሳይ ከጤዛ የመጣ ሊሆን ይችላል። በዘንጉ ላይ ያለው ዘይት የነጣ እንደሆነ ግን የጤዛ ምክንያት አይሠራም።

ሞተሩ ሲነሣ

ክዳኑ ክፍት እንዳለ ሞተሩ ይነሣ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ በውስጡ የነበረ አየር ነው። አረፋው ሳያቋርጥ እየተንቆረቆረ ከቀጠለ፣ ነዳጅ ሲሰጠውም ውሃው ወደ ላይ የሚፈናጠር ከሆነ ግን የሚቃጠለው ጋዝ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ውሃው እየገባ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ሌላው የዚሁ ብልሽት ምልክት የላይኛው ወፍራም ጎማ ቱቦ ነው። ክዳኑ ተገጥሞ ከቀዝቃዛ ከተነሣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ግፊቱ የመጣው ከሙቀት አይደለም።

ያው የላይኛው ቱቦ የቴርሞስታቱንም ነገር ያወጣል። ጤነኛ ሲሆን ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፈት በድንገት ይሞቃል። ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ደርቋል ወይም ጨርሶ ወጥቷል። መለኪያው ወደ ቀዩ እየተጠጋ ቱቦውና ራዲያተሩ ግን ቀዝቃዛ ከሆኑ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ፓምፑ ውሃ አይገፋም፣ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ተይዟል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በከተማችን ጋራዦች የተለመደ «ሕክምና» ነው። ችግሩ ለጊዜው የተቃለለ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሞተሩ ወደሚፈለገው ሙቀት ሳይደርስ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው በራዲያተሩ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ሙቀቱን ያብሰዋል። ለገዢ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። ቴርሞስታት የሌለው መኪና ማለት ቀድሞ ሞቆ ያውቃል ማለት ነው።

መቼ ነው የሚሞቀው?

አንድ መካኒክ ከመፍታቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ቆሞ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ እየሞቀ መንገድ ሲያገኝ የሚበርድ መኪና የጎደለው አየር ነው፤ ሲሮጥ የሚያገኘውን ነፋስ ሲቆም የሚሰጠው ቬንቲሌተር አልሠራም። በተቃራኒው መጨናነቅ ውስጥ ደኅና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ረጅም መንገድ ሲሮጥ የሚሞቅ ከሆነ የጎደለው የውሃ ዝውውር ነው፤ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም የታችኛው ቱቦ ረጥቦና ላልቶ በሩጫ ጊዜ ይጣበቃል።

ቬንቲሌተሩን ለማየት የመኪናውን ዓይነት መለየት ያሻል። 4ኬ በሚባለው 1,290 ሲሲ ሞተር የሚሄደው የኋላ ጎማ ነጂ ኮሮላ ቬንቲሌተሩንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው በቺንጋ ነው። ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ስለሚያዞር፣ የባትሪው ቀይ መብራት በርቶ ወዲያው ሙቀቱ ከጨመረ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ነው፤ እዚያው መቆም ይገባል። ከዚያ በኋላ የመጡት የፊት ጎማ ነጂ ኮሮላዎችና ቪትዝ ግን ቬንቲሌተራቸው በኤሌክትሪክ የሚዞር ነው። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ መለኪያው ከመሐል ጥቂት ሲያልፍ ቬንቲሌተሩ በራሱ መነሣት፣ ትንሽ ቆይቶም በራሱ መቆም አለበት። ካልተነሣ ፊውዙ፣ ሪሌዩ፣ ሙቀት የሚለየው ስዊች ወይም ሞተሩ ራሱ ይመረመራል። ዳሽቦርዱ ሥር በኋላ የተጨመረ ማብሪያ ማጥፊያ ከታየ ሾፌሩ ቬንቲሌተሩን በእጁ ሲያበራ ኖሯል፤ ረስቶ የተወበት ቀን መኖሩን ግን ሻጩ አይናገርም።

ፓምፑ ሲበላሽ በሥሩ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ኩሽኔታው ያፏጫል ወይም ይንኳኳል። ሞተሩ ጠፍቶ ፑሌጋው በእጅ ሲወዘወዝ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። ራዲያተሩ ደግሞ በሁለት በኩል ይደፈናል። ከውጭ ጭቃና ነፍሳት ክንፎቹን ይሸፍናሉ፤ ይህ በውሃ ይጸዳል። ከውስጥ ዝገትና ደለል ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይዘጋሉ፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩ ገጽ ሲዳሰስ አንዱ ወገን የሚያቃጥል ሌላው የቀዘቀዘ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። በኤሌክትሪክ የሚዞር ቬንቲሌተር ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሣ ስለሚችል ጣት ወደዚያ አይጠጋ።

የሚዋሽ መለኪያ

ብዙ ገዢዎች የሚያምኑት ዳሽቦርድ ላይ ያለውን መርፌ ነው። መርፌው ግን የሚናገረው ሽቦው እስከተቀጠለ ድረስ ብቻ ነው። ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ከሩብ ሰዓት በኋላም ከሥሩ ያልተነሣ መርፌ ወይ ቴርሞስታት የለም፣ ወይ ሽቦው ተነቅሏል። ከዚህ የከፋው ብዙዎችን የሚያታልለው ሁኔታ ነው። ሙቀቱን የሚለካው መሣሪያ ውሃ ውስጥ ካልተነከረ በትክክል አያነብም። ውሃው ሙሉ በሙሉ ፈስሶ ካለቀ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ሾፌሩ «በረደልኝ» ብሎ መንገዱን ሲቀጥል ቴስታታው ይጣመማል።

4ኬን በመሰሉ ሞተሮች ላይ ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሞተሩ አካል ብረት ሲሆን ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ፣ ልክ ያለፈ ሙቀት ቴስታታውን ያጣምመዋል፤ በመካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይበላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስ ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ዓባይ በረሃን ወጥቶ ወይም ጣርማ በርን ሲወጣ የሞቀበት ሾፌር ማድረግ ያለበት ዳር ይዞ ማጥፋት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ፣ ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን በጨርቅ ቀስ ብሎ ከፍቶ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ነው። ገና መርፌው ሲወጣ ከሆነ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ከሞተሩ ላይ የተወሰነ ሙቀት ይቀንሳል።

ሦስት መኪና፣ አንድ ስሞታ

ነገሩን በገበያ ዓይን ለማየት «ውሃ ይጨርሳሉ» የተባሉ ሦስት አንድ ዓይነት መኪኖች ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ አረፋ የለውም፣ የክዳኑ ጎማ ግን ተሰንጥቋል። ሁለተኛው መጨናነቅ ውስጥ ደኅና ሆኖ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይሞቃል፤ ውሃው ደፍርሷል። ሦስተኛው ቆሞም እየሄደም ይሞቃል፤ ቱቦው ቶሎ ይጠነክራል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው ነጭ እንፋሎት አያቋርጥም።

ለመጀመሪያው መኪና ዋጋ ማስቀነስ የድርድር ጨዋታ እንጂ እውነተኛ ምክንያት የለውም፤ ክዳን፣ ቺንጋ፣ ቱቦና ቴርሞስታት ሶማሌ ተራ ተገዝተው በአንድ ቀን የሚገጠሙ ናቸው። ከሁለተኛው ላይ የራዲያተር እጥበት ወይም ቅያሪ፣ የፓምፕም ዋጋ ከነእጅ ዋጋው ይቀነሳል። ከሦስተኛው ላይ ግን ጓርኒሲዮን ብቻ ተሰልቶ አይቀነስም። ቴስታታው ሲወርድ ተጣምሞ ቢገኝ ቶርኖ ቤት ይላጣል፤ ተሰንጥቆ ቢገኝ ሌላ ይፈለጋል፤ የሞተሩ አካል ከተነካ ደግሞ ሞተር መግዛት ይመጣል። ወጪው ሳይፈታ አይታወቅም። ስለዚህ ብልህ ገዢ ይህን መኪና ሞተሩ እንደሌለ ቆጥሮ ይደራደራል፣ ወይም ይተወዋል። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ራሱ አሠርቶ በደረሰኝ ያቅርበው።

ጥርጣሬ ሲቀር ደኅና መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይወስነዋል። የእጅ ፓምፕ ያለው የግፊት መለኪያ በራዲያተሩ አንገት ላይ ተገጥሞ ግፊቱ ከወረደ የሚፈስበትን ቦታ ያሳያል። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ደግሞ የሚቃጠል ጋዝ ከነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። የኮምፕሬሽን መለኪያም ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ይገጠማል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። የእነዚህ ምርመራዎች ክፍያ ከአንድ ቴስታታ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ገዢም የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በመኪና ውሎች ላይ ግን «መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል ዐረፍተ ነገር አትጠፋም። ገዢው ይህችን ሳያነብ ከፈረመ በኋላ ፍርድ ቤት መሟገት ረጅም መንገድ ነው። ይልቅ የምርመራው ውጤት በአንድ ገጽ ተጽፎ ከውሉ ጋር ቢያያዝ ለሦስቱም ወገን ይጠቅማል። ገዢው የገዛውን ያውቃል። ሻጩ ከሁለት ወር በኋላ «ሞተሩን አቃጥለህ ሸጥክልኝ» አይባልም፤ መኪናው በተሸጠ ዕለት ደኅና እንደነበረ ማስረጃ አለው።

ትልቁ ጥቅም ግን የደላላው ነው። አንድ ደላላ ከአንድ ሽያጭ የሚያገኘው ኮሚሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የረካ ገዢ ግን ወንድሙን፣ ባልደረባውንና ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። ቀዝቃዛ ሞተር፣ የተከፈተ ክዳን፣ የዘይት ዘንግ፣ ሩብ ሰዓት ቆሞ ማሠራትና አንድ ዳገት፤ ይህ ሁሉ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅም። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ገዢው ለክፍያውም አይቸኩል።